ካራቫኑን ያልፈታ ጀራልድተንን አላየም

ከምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከፐርዝ ካራቫን ጎትቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ልቡ ያለው ሩቅ ነው። ካልባሪ ሄዶ የወንዙን ገደል ሊያይ፣ ኒንጋሉ ደርሶ ኮራሉ መሀል ሊዋኝ፣ ጊዜና ገንዘብ ከፈቀደለትም እስከ ብሩም ሊዘልቅ ነው የተነሳው። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ጀራልድተን የምትገባው እንደ ነዳጅ ማደያ ነው። 420 ኪሎ ሜትር ግድም ነድቶ ሲደርስ ታንኩን ይሞላል፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ የሳምንት አስቤዛውን ይሸምታል፣ ጎማውን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ቢያድርም አንዲት ሌሊት፣ ያውም ካራቫኑን ከመኪናው ሳይፈታ ነው። በማግስቱ ስለ ከተማዋ የሚያወራው ነገር ቢኖረው ስለ ነፋሷ ነው።

ይህ ልማድ ለተጓዡም ለከተማዋም ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ያላት ይህች የሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከተማ በመንገዱ ላይ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የምታወራው ብዙ ያላት እሷ ናት። ከምታወራውም አንዱ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል፤ እደርስበታለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ካራቫኑ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ታንክ፣ አንዳንዱም ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ቤት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ የሀብታም ብቻ ቅንጦት አይደለም። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን አከራይተው ወይም ለጎረቤት አደራ ብለው፣ የደቡቡን ብርድ ሸሽተው ከግንቦት እስከ መስከረም ሰሜን ይከርማሉ። ሕዝቡ ‹‹ሽበታም ዘላኖች›› ይላቸዋል፤ እነሱም በስሙ አይቀየሙም፣ እንዲያውም ካራቫናቸው ጀርባ ላይ ጽፈውት የሚዞሩ አሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ተራው የባለ ልጆች ነው። እኛም የወጣነው በዚያ ወቅት ነበር፤ መኪናው የራሳችን፣ ካራቫኑ የኪራይ፣ ከኋላ ወንበር ልጆቹና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ።

ወደ ጀራልድተን የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። ብራንድ ሀይዌይ በእርሻው መሀል ይሄዳል። ኢንዲያን ኦሽን ድራይቭ ደግሞ ባሕሩን ተከትሎ በሰርቫንተስና በጁሪየን ቤይ በኩል ያልፋል፤ የቀረው ክፍል ተሠርቶ መንገዱ ሙሉ ለሙሉ የተከፈተው በ2010 ነው። ሁለቱ ከዶንጋራ በስተ ደቡብ ይገናኛሉ። የባሕሩ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ አብዛኛው ካራቫን የሚመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱ እይታው ብቻ አይደለም። በብራንድ ሀይዌይ ላይ እስከ 36 ሜትር ተኩል የሚረዝሙ፣ ሮድ ትሬን የሚባሉ ባለ ብዙ ተሳቢ ከባድ መኪኖች ስለሚመላለሱ ነው። ከእነሱ አንዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፍ የሚገፋው አየር ካራቫኑን መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስበዋል። መሪ የያዘ ሰው ትከሻው ላይ ይሰማዋል።

ስለዚህ ካራቫን መጎተት የመንዳት ችሎታ ብቻ ሳይሆን የጭነት ዕውቀትም ነው። ከባድ ከባዱ ዕቃ መቀመጥ ያለበት ወለሉ ላይ፣ በአክስሉ አካባቢና ትንሽ ወደ ፊት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ መንጠቆው ይቀልና ካራቫኑ በፍጥነት ላይ ሳለ ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ አንስቶ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ነው መፍትሔው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሕግ ሌላው 110 በሚነዳበት መንገድ ላይ ካራቫን ጎታች ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ አይችልም። ብዙዎቹ ዘላኖች 90 ላይ ይረጋጋሉ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ጥሩንባ ቢነፋም ግድ አይሰጣቸውም።

ነፋሱን ሳያስቡ ይህን መንገድ መሄድ አይቻልም። በበጋ ምድሩ ሲግል ከሰዓት በኋላ ከደቡብ በኩል ከባሕሩ ጠንካራ ነፋስ ይነሳል። ለነፋስ ሸራ ተጫዋቾች በረከት ነው፤ ፖይንት ሙርና ኮሮኔሽን ቢች በዓለም ዙሪያ ያሉ የሸራ ስፖርት ወዳጆች የሚያውቋቸው ቦታዎች ናቸው። ለካራቫን ግን ሒሳብ አለው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ከኋላ እየገፋ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ የነዳጁ መርፌም ዓይን እያየ ይወርዳል። ለመሄጃው ያወጡትን ለመመለሻም በጅቶ የተነሳ ሰው ዶንጋራ ላይ ኪሱን ደግሞ ይፈትሻል።

ነፋሱ ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ግሪናፍ ላይ መቆም ይበቃል። ከጀራልድተን 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ በመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ግንዳቸው ወደ ሰሜን ተጋድሞ ቅርንጫፋቸው መሬት የሚነካ ዛፎች አሉ። ቆርጦ የጣላቸው የለም፤ በሕይወት አሉ፣ ቅጠላቸውም አረንጓዴ ነው። ጨው የተሸከመው የደቡብ ነፋስ በአንድ በኩል ያለውን ለጋ ቡቃያ እያቃጠለ ስለሚገድለው ዛፉ የሚያድገው በሌላኛው በኩል ብቻ ነው፤ በዓመታት ብዛት ይተኛል። አክስቴ ከመኪናው ወርዳ ከአጥሩ ተጠግታ አየችና፣

‹‹አንተ፣ ይኼ እኮ የኛው ባሕር ዛፍ ነው!›› አለች።

‹‹አዎ እትዬ፤ አገሩ እዚህ ነው።››

‹‹እኛ ዘንድ ቀጥ ብሎ እንጨት ይሆናል፣ ምሰሶ ይሆናል። አገሩ ላይ ነው እንዴ እንዲህ የሚሰግደው?››

እውነቷን ነው። የግሪናፍ ተጋዳሚ ዛፎች እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ነጩ ባሕር ዛፍ የዚሁ ወገን ነው፤ እሱም የመጣው ከዚሁ አህጉር ነው፣ ምንም እንኳ የትውልድ ስፍራው ከዚህ በጣም የራቀው የደቡብ ምሥራቁ ክፍል ቢሆን። መዲናዋ በማገዶ እጦት ከቦታዋ ከመነቀል የተረፈችው በዚህ ዛፍ ነው እየተባለ ሲነገር ያደግን ሰዎች አገሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ስናገኘው ሳንቆም ማለፍ አንችልም። ሌላው ተጓዥ ፎቶ አንስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይሄዳል።

ከዚያ ከተማዋ ትመጣለች። መጀመሪያ የሚታየው ባሕሩ አይደለም፤ የወደቡ የእህል ጎተራዎች ናቸው። ጀራልድተን የባሕር ዳር መዝናኛ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ምክንያቷ ማዕድን ነበር። በ1848 ከሰሜኗ በመርቺሰን ወንዝ አካባቢ እርሳስ ተገኘ፣ ማዕድኑን የሚያወጣ ወደብ አስፈለገ፣ በ1850 የከተማው መሬት ተሸንሽኖ በወቅቱ ገዥ በቻርልስ ፊትዝጄራልድ ስም ተሰየመ። ዛሬም ከወደቡ ስንዴ፣ የብረት ማዕድንና የማዕድን አሸዋ ይጫናል። ልጆች ውኃ የሚራጩበት የመሀል ከተማው የባሕር ዳርቻ ላይ ቁጭ ብሎ ግዙፍ የጭነት መርከብ ስንዴ ሲጫን ማየት ይቻላል። አንዳንዱ ጎብኚ እይታዬን አበላሸብኝ ይላል። እኔ ግን ሥራ የሚሠራበት ባሕር ዳር ለሥዕል ብቻ ከተሠራው ይሻላል እላለሁ። መሬቱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በፊት የያማጂ ሕዝብ ነው። ባለመብትነታቸው በፍርድ ቤት የታወቀውና ከክልሉ መንግሥት ጋር ሰፊ ስምምነት የተፈረመው ግን በ2020 ነው፤ ማለትም ከተማዋ ከተቆረቆረች 170 ዓመት ቆይቶ።

የካራቫን ማረፊያው ውስጥ የመጀመሪያው ፈተና ካራቫኑን ወደ ኋላ ነድቶ በተመደበለት ቦታ ማስገባት ነው። ካራቫኑ ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪው ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ጭንቅላት ያውቀዋል፣ እጅ ግን እምቢ ይላል። በየካራቫኑ ደጃፍ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡት ሽበታሞች የምሽቱ ትርኢት ይህ ነው፤ ሻያቸውን እየጠጡ ያያሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳነዎት ግን አንዱ ይነሳል፣ ‹‹መሪውን ከታች ያዘው፤ እጅህ ወደሄደበት ካራቫኑም ይሄዳል›› ይላል። ልክ ነው። መሪው ከሥር ሲያዝ የእጅና የካራቫኑ አቅጣጫ ይገጥማል። እንዲህ ያለውን ምክር ከካራቫን አከራዩ ማንም አልነገረኝም፤ የነገረኝ ስለ ዋስትና ማስያዣው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። የፊት እግሩን አውርዶ፣ የደኅንነት ሰንሰለቱን ፈትቶ፣ የመብራቱን ገመድ ነቅሎ፣ መንጠቆውን አላቆ ካራቫኑን ከመኪናው መለየት። ለአንድ ሌሊት ምን አደከመኝ ይላል፤ ጠዋት መልሶ ሊያስር ነውና። ነገር ግን መኪናና ካራቫን አንድ ላይ ከ12 ሜትር በላይ ይሆናሉ። በዚያ ርዝመት መሀል ከተማ ገብቶ የሚቆምበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፣ ዞሮ መመለስ አይታሰብም፣ ወደ ኮረብታው መውጣት ያስፈራል። ስለዚህ ካራቫኑን ያልፈታው ሰው የሚያየው ለከባድ መኪና የተሠራውን ጎዳና፣ ማደያውንና የገበያ ማዕከሉን መኪና ማቆሚያ ነው። ከተማዋ ምንም የላትም ብሎ ለሌሎች የሚያወራውም እሱ ነው።

የከተማ አስተዳደሮችም ይህን የተረዱት ዘግይተው ይመስለኛል። በመላ አውስትራሊያ አንድ ክርክር አለ። አንዳንድ ከተሞች ሽንት ቤትና የፍሳሽ ታንክ ያላቸው ካራቫኖች ለ24 ሰዓት በነጻ እንዲያድሩ ቦታ ይሰጣሉ፤ ሐሳባቸው የማደሪያ ያላወጣ ሰው ለምግብና ለጥገና ያወጣል የሚል ነው። የካራቫን ማረፊያ ባለቤቶች ደግሞ እኛ ግብር ከፍለን መታጠቢያና መብራት አቅርበን፣ መንግሥት በነጻ ይፎካከረናል ብለው ያማርራሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሁለቱም የማያነሱት ግን አንድ ጉዳይ አለ። ካራቫን ይዞ የመጣ እንግዳ አልጋውንና ወጥ ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። አስቤዛውን የሚሸምተው በየከተማው ተመሳሳይ ከሆነው ትልቁ ሱፐርማርኬት ነው፤ ከዋናው መንገድ ከማሪን ቴራስ ሱቆች አይደለም። እንዲህ ያለውን እንግዳ በማደሪያ ዋጋ ማባበል ብዙም አያዋጣም። የሚያስቆመው ካራቫኑ ውስጥ የማይገኝ ነገር ብቻ ነው። የ24 ሰዓት ነጻ ማደሪያ ደግሞ ሰዓቱ ሲሞላ ሂድ የሚል በመሆኑ፣ እንግዳው ካራቫኑን እንዳይፈታ የሚመክር ደንብ ነው።

ጀራልድተን ካራቫን ውስጥ የማይገኝ ነገር አላት። ስኮት ኮረብታ ላይ ይወጣል።

እዚያ ላይ ያለው የሲድኒ መርከብ መታሰቢያ ነው። ነገሩ ስለ ሲድኒ ከተማ አይደለም፤ በከተማዋ ስም ስለተጠራች የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 1941 ሲድኒ ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ርቃ ስትቃኝ የሆላንድ የንግድ መርከብ መስሎ የሚሄደውን ኮርሞራን የተባለ የጀርመን መርከብ አገኘች። ማንነቱን ለማጣራት እጅግ ቀረበችው። ኮርሞራን ባንዲራውን ለውጦ በዚያ ቅርብ ርቀት ተኮሰ። ሁለቱም ጠፉ። ከኮርሞራን 399 ሰዎች 318ቱ ተረፉ። ከሲድኒ 645 ባሕርተኞች የተረፈ የለም፤ አንድም። መርከቧ የት እንደሰመጠች ለ66 ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ማርች 2008 ላይ በ2,500 ሜትር ግድም ጥልቀት ተገኘች። ከሠራተኞቿ አስከሬኑ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። በ1942 በነፍስ አድን ተንሳፋፊ ላይ ክሪስማስ ደሴት አጠገብ ተገኝቶ የተቀበረው ይህ ሰው ማን እንደሆነ በዘረ መል ምርመራ የታወቀው በ2021 ነው።

መታሰቢያውን ያነሳሳው የከተማዋ ሮታሪ ክለብ ነው፤ የቀረጹት ጆአን ዎልሽ ስሚዝና ቻርልስ ስሚዝ ሲሆኑ የተመረቀው በኖቬምበር 2001፣ መርከቧ ከመገኘቷ በፊት ነው። ይህ ቀን ልብ ሊባል ይገባል። ሰዎቹ መቃብሩ የት እንዳለ ሳያውቁ ነው መታሰቢያ ያቆሙት። በምሰሶዎች ላይ የተደፋው ጉልላት ከማይዝግ ብረት የተሠሩ 645 የባሕር ወፎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ያቆሙት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍ። በውስጡ ቆመው ቀና ሲሉ ሰማዩ በክንፎቹ መሀል ይታያል። ነፋሱ አለ፤ ጉልላቱ ግን ክፍት ስለሆነ ነፋሱ አይገፋውም፣ በውስጡ ያልፋል። ወረድ ብሎ በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ ስሞቹ ተቀርጸዋል። ወደ ባሕሩ በኩል ደግሞ ቀሚሷን ነፋስ የወሰደው አንዲት የነሐስ ሴት አድማሱን እያየች ቆማለች። እዚያ የሚገባ ሰው ዝም በል ሳይባል ዝም ይላል። ልጆች እንኳ።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል። ሲድኒ እንግሊዝ አገር ተሠርታ ለአውስትራሊያ ባሕር ኃይል የተሰጠችው በሴፕቴምበር 1935 ነው። ወደ አገሯ ጉዞ ከመጀመሯ በፊት፣ ኦክቶበር 3 ቀን የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። መርከቧ ወደ አውስትራሊያ መሄዷ ቀርቶ ሜዲቴራኒያን ላይ ካለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር እንድትሰለፍ ታዘዘች። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ በሚደግፈው ኃይል ውስጥ ማለት ነው። ማዕቀቡ ምን እንደነበር እናውቃለን፦ ነዳጅን አላካተተም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። አዲስ አበባ በሜይ 1936 ተያዘች፣ ማዕቀቡ በጁላይ ተነሳ፣ ሲድኒም በኦገስት ወደ ስሟ ከተማ ገባች። የአውስትራሊያ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ለነሱ የመርከቧ ታሪክ የሚጀምረው በ1940 ነው። ለእኛ ግን እነዚያ ወራት ዓለም ሁሉ ለኢትዮጵያ ማድረግ የቻለውንና ያልፈለገውን የሚያሳዩ ናቸው፤ ያች መርከብም የዚያ ‹‹ማድረግ የቻለው›› አካል ነበረች።

ከዚያስ? ጁላይ 19 ቀን 1940፣ ጃንሆይ ከስደት ወጥተው ካርቱም በደረሱበት ወር፣ ሲድኒ በቀርጤስ ደሴት አጠገብ ባርቶሎሜዎ ኮሌዮኒ የተባለውን የጣሊያን የጦር መርከብ አሰጠመች። እሷ ራሷ በሰመጠች በስምንተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1941፣ የጄኔራል ናሲ ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ይህን ለአክስቴ ግድግዳው አጠገብ ስነግራት ከስሞቹ አንዱን በጣቷ ነክታ አማተበች። ማንን እንደነካች አላነበበችውም።

ከኮረብታው ወርዶ የጀልባ ማረፊያው አጠገብ ያለው ሙዚየም ሌላ መርከብ ያሳያል። ይህኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ በባሕር ሳይሆን በሰው እጅ ያለቁ ሰዎች ታሪክ ነው። ባታቪያ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ነበረች። በመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ዛሬይቱ ጃካርታ ስትሄድ ጁን 4 ቀን 1629 ሌሊት ከጀራልድተን ምዕራብ ባሉት የአብሮልሆስ ደሴቶች ኮራል ላይ ተሰበረች። ከ340 ያህል ሰዎች አብዛኛው ውኃ በሌላቸው ትናንሽ ደሴቶች ላይ ወጣ። አዛዡ ፍራንሲስኮ ፔልሰርት በጀልባ ርዳታ ፍለጋ ወደ ጃካርታ 33 ቀን ቀዘፈ። በሌለበት የኩባንያው ሠራተኛ የሮኒመስ ኮርኔሊስ ሥልጣን ያዘ፤ ወንበዴዎችን ሰብስቦም ሴትና ሕፃን ሳይለይ ከመቶ በላይ ሰው አስገደለ። ወታደሮቹን ውኃ ፈልጉ ብሎ ሩቅ ደሴት ላይ በጥም እንዲሞቱ ጥሏቸው ነበር። እነሱ ግን በዊብ ሄይስ መሪነት ውኃም የሚበላ እንስሳም አገኙ፣ ድንጋይ ክበው ተከላከሉ። ያ የድንጋይ ካብ ዛሬም አለ፤ አውሮፓውያን በአውስትራሊያ ምድር ከሠሩት የሚቀድመው የለም። ፔልሰርት ተመልሶ ዋናዎቹን እዚያው ሰቀላቸው።

ሙዚየሙ ውስጥ የቆመው ከዚያች መርከብ ሆድ የወጣ የድንጋይ በር ነው። ለጃካርታው ግንብ መግቢያ እንዲሆን ተጠርቦ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ የመርከቧን ሚዛን እንዲጠብቅ ከሥር ተጭኖ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ ተኝቶ፣ ስባሪዋ በ1963 ከተገኘ በኋላ ጠላቂዎች ድንጋይ በድንጋይ አወጡት። ጭነት በትክክል ስለማስቀመጥ ስጨነቅ ለከረምኩት ለእኔ ይህ በር የሳቀብኝ መሰለኝ።

አብሮልሆስ 122 ደሴቶች ናቸው፤ በ2019 ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል። በትንሽ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ይኬዳል፣ ዋጋውም ለባለ ብዙ ልጅ አይቀመስም። የከተማዋን ኪስ የሞሉት ግን ደሴቶቹን የሚጎበኙት ሳይሆኑ በዙሪያቸው ሎብስተር የሚያጠምዱት ናቸው። ይህ የምዕራብ አውስትራሊያ ሎብስተር በ2000 በዘላቂ አጠማመድ የዓለም አቀፉን የባሕር ጥበቃ ምክር ቤት ማረጋገጫ በማግኘት በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ቻይና መሄድ ጀመረ፤ ገቢው ጥሩ ነበር፣ አደጋውም እዚያው ነበር። በኖቬምበር 2020 ቻይና በፖለቲካ ቅያሜ በሩን ዘጋች። አንድ ሰሞን በአውሮፕላን ተጭኖ ለሀብታም ሠርግ ይቀርብ የነበረው ሎብስተር በአጥማጁ ጀልባ ላይ ለአላፊ አግዳሚው እንዲሸጥ ተፈቀደ። ካራቫን ጎታቹ በዚያን ጊዜ ነው የከተማዋን ዋና ሀብት መቅመስ የቻለው። በዲሴምበር 2024 የቻይና ገበያ እንደገና ተከፈተ፣ ዋጋውም ወደ ቀድሞ ቦታው አቀና። ለአጥማጆቹ ደስ ብሎኛል፤ ዳሩ አንድ ገዢ ላይ የተንጠለጠለ ወደብ ያንኑ ስህተት እየደገመ እንደሆነ ለማየት ነጋዴ መሆን አያሻም። አክስቴ በበኩሏ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጡር አልነካም ብላ ከልጆቹ ጋር ድንች ጥብስ በልታለች።

ስለ ካቴድራሉም ጥቂት። የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ካቴድራል ከውጭ ሲያዩት ከጣሊያን ከተማ ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። ከውስጥ ግን ግድግዳው በብርቱካናማና በግራጫ መስመር የተዥጎረጎረ ነው፤ መጀመሪያ ዓይን ይረብሻል፣ ቆይቶ ይለመዳል። የሠራው ሞንሲኞር ጆን ሆውስ የሕንፃ ባለሙያም ካህንም ነበር። በ1915 ከእንግሊዝ መጥቶ በዓመቱ ሥራውን ጀመረ፤ ገንዘብ አልቆ፣ ሰው ተቃውሞት፣ ሥራው ለዓመታት ቆሞ፣ በ1938 አለቀ። ከዚያስ አረፈ? አላረፈም፤ በማግስቱ ዓመት ሁሉን ትቶ ወደ ባሃማስ ሄደ። ኮረብታ ላይ በገዛ እጁ ትንሽ የድንጋይ ገዳም ሠርቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1956 ድረስ መነኩሴ ሆኖ ኖረ። በገዳም አገር ላደግን ሰዎች የዚህ ሰው ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ካቴድራሉ ውስጥ መቀመጥ መልካም ነው። መታሰቢያው ለጠዋት ይሁን፣ ባሕሩም እንዲሁ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ዕረፍት አጭር ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሁሉን ማየት አይቻልም የሚለኝ አለ። እስማማለሁ፤ አንድ ነገር መተው ግድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚተወው የጀራልድተንን ሁለተኛ ሌሊት ነው። እኔ ብሆን የምተወው ሰርቫንተስ አጠገብ ያለውን የፒናክልስ በረሃ ነው። ከአሸዋው የበቀሉት፣ እስከ 3 ሜትር ተኩል የሚቆሙት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ውብ ናቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ከፐርዝ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቁ በየትኛውም ቅዳሜ ያለ ካራቫን ደርሶ መመለስ ይቻላል።